ሠላሳ አንድ እርምጃ ከበሩ

ልብስ ሰፊዋ የመጣችው ገና ፊቴን ሳልታጠብ ነው። በሩን አላንኳኳችም፤ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባችና ክፍሉ መሃል ቆመች። ባሏ ብስክሌት ጠጋኙ ትናንት ማረፉን ሰምተናል፤ አባዬም ዶማውን ስሎ በሩ ጥግ አቁሞታል። እሷ ራሷ ትመጣለች ብሎ ግን ያሰበ የለም። ሰው የሞተበት ቤቱ ይቀመጣል እንጂ መቃብር ቆፋሪ ቤት አይዞርም።

«ተቀመጪ እንጂ እህቴ» አለ አባዬ ከአልጋው ጠርዝ ሳይነሳ። ጠዋት ጠዋት እግሩ እስኪፍታታ ድረስ ሰው ፊት አይነሳም።

«አልቀመጥም ጋሼ። አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። ልጃችን አጠገብ ያስተኙልኝ።»

«ይሄማ ምን ልመና ይፈልጋል!»

«ቦታውን እኔ አላውቀውም። ያኔ አራስ ነበርኩ፤ ትኩሳት ጥሎኝ ራሴን አላውቅም። እሱ ነው ብቻውን ይዞት መጥቶ ያስቀበረው። ስነሳ ‹ውሰደኝ› እለዋለሁ፣ ‹ትንሽ በርቺና› ይለኛል። ስበረታ ደግሞ እኔው ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስንል አምስት ዓመት ሞላን። አሁን የሚያሳየኝም የለም።» ወደ እኔ ዞረች። «ደብተሩ ላይ አለ አይደል? የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አለ እትዬ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ደብተሬ ላይ የሌለ ሙት የለም።»

አባዬ በዓይኑ ቆነጠጠኝ።

«እንግዲህ በእግሬ ያቆመኝ ይሄ ነው» አለች። «ዛሬ ልጄ ያለበትን አያለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው አያለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ።»

ወጣች። መርፌ የምትሰካባት ቁራጭ ጨርቅ አሁንም ደረቷ ላይ ነበረች፤ ማንም አላወለቀላትም።

ደብተሩን ከሳጥን አውጥቼ ገልብጬ ገልብጬ አገኘሁት። በአሥር ዓመቴ የጻፍኩት ስለሆነ ፊደሉ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ግን ይነበባል። «የብስክሌት ጠጋኙ ሕፃን። ወንድ። የሦስት ቀን። በግራ ግንብ ሥር፣ ከበሩ ቋሚ 31 እርምጃ።»

የመንደራችን መቃብር ሦስት ጎኑ ግንብ ነው፣ አንድ ጎኑ የሽቦ አጥር። ትልልቁ ሰው መሃል ላይ ይቀበራል፤ ድንጋይ ይቆምለታል፣ ስሙ ይጻፍበታል፣ የሚጠፋበት ምክንያት የለም። ሕፃናቱ ግን በግራው ግንብ ሥር በአንድ ረድፍ ነው የሚተኙት። ድንጋይ የላቸውም። ቁጥር ያለበት የእንጨት ችካል ይተከልላቸዋል፤ እሱንም ሁለት ክረምት ሳይሞላው ምስጥ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያላቸው የኔ ደብተር ብቻ ነው። አባዬ ከበሩ ቋሚ ጀምሮ በእግሩ ይቆጥራል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። እሱ ማንበብም መጻፍም አይችልም። እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ስለተማርኩ በቤታችን ሊቅ ማለት እኔ ነኝ።

ስለ አባዬ እግር ደግሞ ቤት ውስጥ አይወራምና እዚህ ላውራው። ከስድስት ዓመት በፊት የሚቆፍረው ጉድጓድ ተንዶ ዳሌው ላይ ወደቀበት። ሦስት ወር ተኛ። ደብተሩም የተጀመረው ያኔ ነው፤ አቶ ማኅተም «ይሄ ሰውዬ ቢሞት ማን የት እንደተቀበረ ማን ያውቃል?» ብሎ። አቶ ማኅተም የመቃብር ኮሚቴው ሊቀመንበር ነው። ማኅተሙን በደረት ኪሱ ይዞ ስለሚዞር ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አሁን መንደሩ ሁሉ በሱ ነው የሚጠራው፣ የማያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነው። አባዬ ከአልጋ ሲነሳ ያነክስ ነበር። «ድካም ነው፣ ይለቃል» አለ። እማዬ ጓዳ ጠራችኝና «ስለ እግሩ ትንፍሽ ብትዪ ምላስሽን ነው የምቆርጠው» አለችኝ። ድካሙ ይኸው ስድስት ዓመት አልለቀቀም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ጭራሽ በዱላ ሆነ። ስለዚህ ቆፋሪ የሚባለው አባዬ ነው፤ የምቆፍረው እኔ ነኝ። አቶ ማኅተም ከሩቅ ብቅ ሲል አባዬ ዶማውን ከእጄ ይቀበለኝና ግንባሩን ይጠርጋል፤ ያልወጣውን ላብ።

ልኬቱም ወደ እኔ ዞረ። ዕቃ ቤት ውስጥ የአባዬ ገመድ አለ፤ እኔ ሳልወለድ በእግሩ እየለካ በየእርምጃው የቋጠረው። እሱን በሩ ቋሚ ላይ አስራለሁ፣ በግንቡ ሥር እዘረጋለሁ፣ ቋጠሮ እቆጥራለሁ። ሽንኩርት መላጥ እንኳ ከዚህ ይከብዳል። በዚያን ቀንም ሠላሳ አንድ ቋጠሮ ቆጠርኩ፣ ጠጠር አስቀመጥኩ፣ ከጠጠሩ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብዬ መቆፈር ጀመርኩ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አራት ሰዓት ላይ ወገቤ ድረስ ገብቻለሁ። አባዬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ይመራኛል።

«ግድግዳውን ቀጥ አድርጊው። ሆድ አታውጪለት።»

«አንተ ሆድ አውጥተህ ተቀምጠህ የኔ ጉድጓድ ሆድ ያናድድሃል?»

«ምላሳም! ቆፍሪ።»

እየሳቅኩ በጠጠሩ በኩል ያለውን ግድግዳ በአካፋ ልጬ ሳስተካክል ነው ያየሁት። ሕፃኑ በዚያ በኩል ክንድ በማይሞላ ርቀት መኖር አለበት። የተቆፈረ አፈር ደግሞ ያስታውቃል። አንዴ የወጣ አፈር ተመልሶ ሲገባ ጥቁሩና ቀዩ ይደባለቃል፣ ልል ይሆናል፣ የቱንም ያህል ቢቆይ የድሮውን አይሆንም። የኔ ግድግዳ ግን ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከዚያ በታች ጠጠር፣ አንዱ ካንዱ ሳይነካካ ቁጭ ብሏል። የብረት ዘንጉን አምጥቼ ከላይ፣ ጠጠሩን ያስቀመጥኩበት ላይ ወጋሁት። አንድ ጣት ገብቶ ቆመ። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ወጋሁ። ቆመ።

«አባዬ።»

«እ?»

«እዚህ ማንም የለም።»

«የሦስት ቀን ሕፃን ነው። አጥንቱ ምን አላት፤ አፈር ሆኗል።»

«አጥንቱ ይሁን። ጉድጓዱስ? ይሄ መሬት ከተፈጠረ ጀምሮ አካፋ አላየም። ና እየው።»

አልመጣም። ካለበት ሆኖ አንገቱን አስግጎ ግድግዳውን አየው፤ አየውና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አፈር ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከኔ ቀድሞ ነው የገባው።

«ቆፍረሽ ጨርሺ» አለ።

«ልጁ ከሌለስ?»

«ለሷ አለ። አጠገቡ ነው እንላታለን። ታምናለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሄዳለች። ማን ቆፍሮ ሊያይ ነው?»

«‹ደብተሬ ላይ የሌለ ሙት የለም› ብያታለሁ እኮ!»

«እኔ ነኝ በይ ያልኩሽ? አፍሽ አያርፍ!»

ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ለማሰብ ጥሩ ነው። ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ። ብስክሌት ጠጋኙ ትንሿን ሳጥን ከብስክሌቱ ኋላ አስሮ፣ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ የማይጠየቅ ነገር ካልጠየቅኩ አላርፍም፤ «ለምን አትነዳውም?» አልኩት። «ይንገጫገጭበታል» አለኝ። አባዬ ቆጠረ፣ «ሠላሳ አንድ» አለ፣ እኔ አስደግሜው ጻፍኩ። ደብተሩ ላይ ስህተት የለም። ገመዱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቋጠሮው ሙሉ ነው። ታዲያ ልጁ የት ሄደ?

ቀና ስል የአባዬ እግሮች ፊቴ ናቸው። የቀኝ ጫማው አፍንጫ ተፍቆ አልቋል፤ የሚጎተተው እሱ ነው።

ገመዱ የተቋጠረው እኔ ሳልወለድ ነው። ያኔ አባዬ በአንድ እርምጃ ቦይ የሚሻገር ጎረምሳ ነበር አሉ። ደብተሩ የተጀመረው ከተሰበረ በኋላ ነው። ገመዱ በድሮው እግር ነው፣ ደብተሩ በተሰበረው። እስከ ዛሬ ያልታወቀው፣ ድንጋይ ያለውን ሰው ማንም በገመድ ስለማይፈልገው ነው፤ ሕፃናቱን ደግሞ ማንም መጥቶ ስለማይጠይቅ።

ይሄንን ለመናገር የግድ ያቺን ነገር መናገር አለብኝ።

«አባዬ፣ እስቲ ተነስና ከበሩ ጀምረህ ሠላሳ አንድ ቁጠርልኝ።»

«ገመድ አለሽ።»

«ገመዱ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ስታነክስ እርምጃህ ያጥራላ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ያቺን ቃል ፊቱ ያወጣ ሰው የለም።

«ማነው የሚያነክሰው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ። አባዬ፣ ታነክሳለህ። ልጁን የቀበርክ ቀንም ታነክስ ነበር። ያኔ የቆጠርከው በአጭሩ ነው፣ እኔ ዛሬ በረጅሙ ለካሁት። አልፌዋለሁ። ልጁ ወደ በሩ ነው ያለው።»

ዱላውን አነሳ። ሊወረውርብኝ ነው ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። ተደገፈበትና ተነሳ። ወደ በሩ ሄደ፣ ቋሚውን በእጁ ነካና መቁጠር ጀመረ። እስከ አሥር ድምፁ ይሰማ ነበር። ከሃያ በኋላ የሚሰማው ትንፋሹና የዱላው ኳኳታ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ላይ ሲቆም በሱና በኔ ጉድጓድ መሃል ሁለት መኪና በተርታ ይቆማል።

ያን ያህል ይሆናል ብሎ አልገመተም። እኔም አልገመትኩም። ቆሞ መሬቱን ያየዋል።

«ያኔ ግን ከዛሬ ይሻል ነበር» አለ። «ያለ ዱላ ነበር የምሄደው።»

እኔ ያልተናገርኩትን እሱ ተናገረው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም፣ ምክንያቱም ልክ ነው። የዛሬው እርምጃው ከአምስት ዓመት በፊቱም ያጥራል። ልጁ አባዬ ከቆመበት ያልፋል፣ ከኔ ጉድጓድ አይደርስም። መሃል ላይ የሆነ ቦታ ነው።

ዘንጉን ይዤ አባዬ ከቆመበት ወደ ጉድጓዴ በግንቡ ሥር በየስንዝሩ መውጋት ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ ትንሽ ገባ እስኪል ብቻ፤ ማንንም መንካት አልፈለግኩም። ደረቅ። ደረቅ። ደረቅ። ከዚያ ዘንጉ ስምጥ አለ። ችካል ተከልኩ። ቀጠልኩ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አባዬ ችካል እያቀበለ ከኋላዬ ይከተላል። አራተኛ። ከዚያ በኋላ እስከ ጉድጓዴ ድረስ ደረቅ ነው። አራቱ ተራርቀው፣ በእኩል በእኩል፣ በመሃላቸው ትልቅ ሰው የሚያስተኛ ቦታ አለ።

ደብተሩን ገለጥኩ። በዚያ አካባቢ የተጻፉት ሦስት ናቸው፤ 28፣ 31፣ 34።

«ሦስት ነው የሚለው። አራተኛው የማነው?»

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «አንዳንዱ ሳይነግረን ይቀብራል። በሽቦው በኩል ገብቶ። ውሎ ላላደረ ልጅ ሰው ኮሚቴ አይጠራም።»

ከበሩ ሲቆጠር ያልተጻፈው ሕፃን ከፊት ከሆነ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሦስተኛው ነው። ያልተጻፈው ከኋላ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፣ በጠጠር ቆጠርኩ፣ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለኝ። ከሁለቱ አንዱ ነው። የትኛው ቢባል መልስ የለም።

«መሃላቸው ቆፍሪ» አለ አባዬ። «በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል። የትኛውም ይሁን አጠገቡ ነው።»

«ጠባብ አይሆንም?»

«ሰውየው ቀጭን ነበር።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ብቻዬን እንደማልደርስ አይቶ አባዬ ኮቱን አወለቀ። ቆሞ መቆፈር አይችልም፣ ስለዚህ ተንበርክኮ ቆፈረ፤ እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው። ላቡ አሁን የእውነት ነበር። በመሃል ዶማውን አቁሞ አየኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንደዚህ ቁልጭ ብሎ የሚታየው?»

«ምኑ?»

«ይሄ... አካሄዴ።»

«ከተነሳህ ጀምሮ።»

«ሰዉም ያውቃል?»

«አባዬ፣ ውሻው እንኳ ስትመጣ በእግርህ ድምፅ ነው የሚለይህ።»

ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «እንግዲያው ማኅተምም ያውቃል» አለ። «የሚያሰናብትበት ምክንያት እየጠበቀ ነው ማለት ነው።»

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጨረስን። የመጀመሪያውን ጉድጓድ መልሰን ሞላነው። አባዬ ከአራቱ ችካሎች ሦስቱን ነቀላቸውና በስተቀኝ ያለውን፣ ሦስተኛውን ተወው።

«ስትጠይቅሽ ‹በቀኝ በኩል› ትያታለሽ። አንዲት ቃል ናት።»

«ለምን ቀኝ?»

«ለምን ግራ?»

«እንዳለ ብንነግራትስ?»

«‹ልጅሽ ከሁለቱ አንዱ ነው› ተብሎ ለእናት ይነገራል? አንቺ ልብ የለሽም? ደግሞ ይሄ ነገር ከወጣ ደብተሩ ሁሉ...» አልጨረሰውም። እጁን ከአፈሩ አራገፈና በጎማ ቱቦው ታጠበ።

ተከራክሬ ላሸንፈው እችል ነበር። ግን ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁና ተውኩት። መዋሸት ደግሞ እችልበታለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሰው ፊት ሳልቅለሰለስ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዉ መጣ። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ሱሪው ላይ የሰንሰለት ቅባት አለ፤ ደንበኛው ይሆናል። አቶ ማኅተም ጥቁር ኮት ለብሶ ከፊት ከፊት ይሄዳል። አዲስ የተሞላውን ጉድጓድ አየና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አንቺ ባለጌ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ድንጋይ አጋጠመን ጋሼ» አልኩ። አያችሁ፣ ችግር የለብኝም።

ሳጥኑ ወረደ። አፈሩ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም፤ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ደግፈዋት አካፋው ሲወጣና ሲወርድ ታያለች። አፈሩ ጉብ ሲል እጃቸውን አስለቀቀችና ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«በየትኛው በኩል ነው?»

አባዬ ዱላውን ጨበጠ።

«በቀኝ በኩል እትዬ። ያቺ ችካል ያለችበት።»

ሄደች። ችካሏ አጠገብ ተንበረከከች፣ አፈሩን በመዳፏ አንዴ ዳበሰችው፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እያያት በጎኗ ተኛች። እናት ሕፃን ስታስተኛ እንደምትተኛው፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ክንዷን በችካሏ ዙሪያ አድርጋ። ከጎኗ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ የምትለውን ሰማሁ።

«መጣሁ እኮ። ቆየሁብህ አይደል? ፈርቼ ነው፣ ረስቼህ አይደለም። ይኸው አባትህም መጣልህ።»

እኔ ያየሁት ጀርባዋን ነው። ጀርባዋ ወደ ባሏ ነው፣ ከባሏ ወዲያ ደግሞ ችካል የሌለው አለ። ልጇ ያኛው ቢሆንስ? አምስት ዓመት ጠብቆ እናቱ መጣች፣ መጥታ ጀርባዋን ሰጥታው ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ታወራለች።

«እትዬ» አልኩ።

«ዝም በይ» አለ አባዬ ከጥርሱ ሥር።

«እትዬ፣ እኔ አላውቅም።»

ቀና አለች። ጉንጯ ላይ አፈር አለ። «ምኑን?»

«ቀኝ ይሁን ግራ አላውቅም። ዋሽቼሽ ነው። ልኬቱ ተሳስቶብናል። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ይሄኛው፣ ወይም ከባልሽ ወዲያ ያለው። መሃላቸው የቆፈርነው ለዚያ ነው። አንዱ ያንቺ ነው፣ አንዱ የሌላ ሰው ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ ጉድ!» አለች። ልብስ ሰፊዋ ተነሳች፣ ፊቴ ቆመች። በጥፊ ልትለኝ ነው ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ፤ ይገባኛልም። አልመታችኝም።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች። ቁጣ አይደለም። መልሱን የምትፈልገው ጥያቄ ነው።

«ጀርባሽን ሰጠሽው» ብቻ አልኩ።

ዞር ብላ ያኛውን ወገን አየችው። በክምሩ ዙሪያ ሄደች፣ ግራው ጋ ቆመች፤ መልሳ ወደ ቀኝ መጣች፣ ቆመች። ማንም ሊይዛት አልደፈረም። አባዬ ነው የተነሳው። ሰው ሁሉ እያየው፣ ምንም ሳይደብቅ፣ እግሩን እየጎተተ አጠገቧ ሄደ።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። የኔ ነው። አነክሳለሁ፤ እርምጃዬ አጥሯል፤ ለራሴም አላመንኩም ነበር። ከፈለግሽ ሁለቱንም ከፍተን...»

«ማንም አይከፍታቸውም» አለች። «ከፍታችሁስ በምን ልታውቁት? እኔ እናቱ ፊቱን አላስታውሰውም።»

ከዚያ በክምሩ ግርጌ፣ ፊቷን ወደ ግንቡ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና ሁለቱም ይታያሉ። «ሂዱልኝ» አለች።

ሰዉ መበተን ጀመረ። እኔ አካፋና ዶማ ሰበሰብኩ። እውነት ሲናገሩ ቀለል ይላል ይባላል፤ እኔን አልቀለለኝም። ያቺ ሴት ጠዋት በእግሯ ያቆማት አንድ ነገር ነበራት፤ ግማሹን ወስጄባታለሁ። ብዋሽ ኖሮ ሙሉውን ይዛ ትሄድ ነበር። ምናልባትም ደግሞ ቀኙ ይሆናል። ምናልባት መጀመሪያ የዋሸሁት እውነት ነበር።

አቶ ማኅተም እስኪበተኑ ጠብቆ መጣብን።

«ስድስት ዓመት የተጻፈው ሁሉ እንዲህ ነው?»

«የሕፃናቱ» አለ አባዬ። «ትልልቆቹ ድንጋይ አላቸው።»

«እስከ ዛሬስ ማን ነው ሲቆፍር የነበረው? በዚህ እግርህ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺን ማን አናገረሽ!» ደረት ኪሱን ዳበሰ። «ሰኞ ስብሰባ እጠራለሁ። ደብተሩን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። የበሩንም ቁልፍ ታስረክባላችሁ።»

«እሺ» አለ አባዬ።

አቶ ማኅተም ሊሄድ ዞረ። በግንቡ ሥር ጥቂት ተራመደና ቆመ። ልብስ ሰፊዋን አያት፣ ከዚያ መሬቱን፣ ከዚያ እኔን። በእጁ ጠራኝ። ስሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያናገረኝ፤ ያ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

«የልጄ... የመጀመሪያዋ። ሃያ ስምንት ነበር ያልሽኝ።»

ደብተሩን መክፈት አላስፈለገኝም። ከልብስ ሰፊዋ ልጅ መስመር ከፍ ብላ የተጻፈችው ናት።

«አዎ ጋሼ። ሃያ ስምንት።»

«የት ነው እሱ ቦታ?»

አባዬን ዞሬ አየሁት። ባልዲው ላይ ተቀምጦ ነበር። ንገሪው ብሎ በራሱ ምልክት ሰጠኝ።

«ወይ አንደኛው ነው ወይ ሁለተኛው፣ ጋሼ። አንደኛው ያ ግንቡ የተሰነጠቀበት ጋ።»

«ሁለተኛውስ?»

ወደ ታች አየሁ። እሱም ተከትሎኝ አየ። የተወለወለው ጥቁር ጫማው አዲስ ችካል የተነቀለበት ቀዳዳ አጠገብ ነበር። እግሩን አነሳ። አነሳና የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው።